ሳይቸግር ጤፍ ብድር፦ ላይብረሪ ሲታደስ የቱን ፕሮግራም እንደገና ልገንባ?

አይሲዩ የሚባለው ላይብረሪ (ብዙ ፕሮግራሞች የሚጋሩት የኮድ ስብስብ) ከስሪት 74 ወደ 75 በተሻገረ ሰሞን ላፕቶፔ ላይ የነበረው ጀንቱ ሊኑክስ ነው፤ ፕሮግራሞቹን ከምንጭ ኮድ እዚያው ማሽኑ ላይ የሚገነባ ሲስተም። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ማሻሻያ ጀመርኩ። የጀንቱ ፓኬጅ አስተዳዳሪ ፖርቴጅ ከአይሲዩ ጋር እንደገና መገንባት አለባቸው ያላቸውን 31 ፓኬጆች ደርድሮ አሳየኝ። መሃል ላይ ሊብረኦፊስ አለ። ዝቅ ብሎ ደግሞ የድረ ገጽ ማሳያ ሞተሩ ኪውት ዌብኢንጂን። እነዚህን ሁለቱን በባለ አራት ኮር ማሽን ኮምፓይል ያደረገ (ከምንጭ ኮድ የገነባ) ሰው ሕመሜ ይገባዋል። ላልሞከረው ልንገረው፦ ተኝተህ ትነሳለህ፣ ፋኑ ገና እየጮኸ ነው።

እኔ ግን በዚህ አላበቃሁም። «ከጀመርኩ አይቀር» ብዬ ሲስተሙን በሙሉ እንደገና እንዲገነባ አዘዝኩት። ከ900 በላይ ፓኬጅ። በሁለተኛው ሌሊት መብራት ሄደ። ያረጀው ባትሪ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይቆይ ድርግም አለ፤ ሊብረኦፊስም ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። 31ዱ ይበቃኝ ነበር። እንዲያውም 31ም በዝቶ ነበር፤ እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

አይሲዩን ለማታውቁት፦ የዓለምን ቋንቋዎች፣ ፊደሎችና የዘመን አቆጣጠሮች ለፕሮግራሞች የሚያስረዳ ላይብረሪ ነው። 13ኛ ወር ጳጉሜን ያለውን የእኛን ካላንደርም ያውቃል። ስለዚህ ልጠላው አልችልም። ችግሩ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በፀደይና በመኸር አዲስ ዋና ቁጥር ይዞ መምጣቱ ነው። 74 እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023፣ 75 በሚያዝያ 2024፣ 76 በጥቅምት 2024 ወጡ። በየስድስት ወሩ አንድ ሌሊት ሊያሳጣችሁ ይችላል ማለት ነው።

መጀመሪያ፣ ማን ማንን እንደሚጠራ እንይ

የጋራ ላይብረሪ በፋይሉ ውስጥ «ሶኔም» የሚባል መጠሪያ ይዟል። የ74 አይሲዩ ዋናው ክፍል ሶኔሙ «ሊብአይሲዩዩሲ.ኤስኦ.74» ነው። አንድ ፕሮግራም ኮምፓይል ሲደረግ ይህ ስም እንዳለ ውስጡ ይጻፋል። ፕሮግራሙ ሲነሳ ጫኚው ያንን ስም ይፈልጋል። ካገኘው ይቀጥላል፤ ካላገኘው ፕሮግራሙ አይነሳም። ነገሩ ይኸው ነው።

ስለዚህ አዲስ ስሪት ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሶኔሙ ተቀይሯል ወይ?» የሚል ነው። ካልተቀየረ፣ የላይብረሪው ባለቤቶችም ቃላቸውን ከጠበቁ፣ ምንም መገንባት አያስፈልግም። ከ74.1 ወደ 74.2 ሲሄድ ሶኔሙ ያው 74 ነው። እጃችሁን ሰብስቡ።

ከተቀየረ ደግሞ ሁለተኛው ጥያቄ «የድሮውን ስም በቀጥታ የጻፈው ማን ነው?» ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ አለ። እጁ የሚሄደው ወደ ኤልዲዲ ትእዛዝ ነው። ኤልዲዲ ግን ፕሮግራሙ ሲነሳ የሚጫነውን ሁሉ፣ የጓደኛን ጓደኛ ሳይቀር ነው የሚዘረዝረው። አንድ ትንሽ የፎቶ ማሳያ ላይ ብታስኬዱት አይሲዩን ልታገኙት ትችላላችሁ። ማሳያው ግን አይሲዩን ጠርቶ አያውቅም። የጠራው ኤክስኤምኤል ፋይሎችን የሚያነበው ላይብረሪ፣ ሊብኤክስኤምኤል2 ነው፤ ማሳያው የጠራው ሌላ ላይብረሪ፣ ያ ላይብረሪ ደግሞ ሊብኤክስኤምኤል2ን። መገንባት ያለበት ሊብኤክስኤምኤል2 ብቻ ነው።

ሪድኤልፍ የሚባለው ትእዛዝ በትንሿ «ዲ» አማራጭ ሲታዘዝ ግን ፋይሉ ራሱ የጻፋቸውን «ኒድድ» የተባሉ መስመሮች ብቻ ያሳያችኋል። ኤልዲዲ 60 መስመር ባወጣበት ፕሮግራም ላይ ሪድኤልፍ 8 ወይም 9 ቢያወጣ አይግረማችሁ። እውነተኛው ዝርዝር ያ ነው። ሌላም ምክንያት አለ፦ ኤልዲዲ አንዳንዴ የሚመረምረውን ፕሮግራም እስከማስነሳት ሊደርስ ስለሚችል፣ ከማታምኑት ሰው በመጣ ፋይል ላይ አታስኬዱት። ሪድኤልፍ ያነባል እንጂ አያስነሳም።

ሁሉንም እንደገና መገንባት

የእኔ የዚያ ሌሊት ምርጫ። ቀላል ነው፣ ሐሳብ አይጠይቅም፣ ውጤቱም አስተማማኝ ነው። ግን የሚገባው በጣም ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ጀንቱ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 የ23.0 ፕሮፋይሎችን (የሲስተሙን መነሻ ቅንብሮች) ሲያወጣ ወደዚያ የሚሻገር ሰው ሁሉንም እንዲገነባ መመሪያው ራሱ አዟል፤ የኮምፓይለሩ መሠረታዊ ቅንብር ስለተነካ። ለአንድ ላይብረሪ ብላችሁ ግን አትሞክሩት።

ሬቭዴፕ-ሪቢልድ፦ ሽማግሌው መርማሪ

ጀንቱልኪት ከሚባለው የመሣሪያዎች ስብስብ ጋር የሚመጣ ነው። ዲስኩን ፋይል በፋይል ያስሳል፣ የሚጠራው ላይብረሪ የጠፋበትን ፕሮግራም ይለያል፣ ባለቤት ፓኬጁን ይገነባል። ለብዙ ዓመታት ሌላ አማራጭ ስላልነበረ ሰው ሁሉ ከያንዳንዱ ማሻሻያ በኋላ ያስኬደው ነበር። አሁንም ከልማድ የሚያስኬደው አለ።

ሁለት ድክመት አለበት። አንደኛ፣ የሚደርሰው ነገሩ ከተሰበረ በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ ተገንብተው የሚመጡ ፓኬጆች ያምታቱታል። የራሳቸውን ላይብረሪ በራሳቸው ማውጫ ይዘው የሚመጡ ፕሮግራሞች አሉ። መርማሪው ባልተለመደ ቦታ ያለውን ላይብረሪ ሳያገኘው ይቀርና «ተሰብሯል» ይላል። ፓኬጁን እንደገና ይጭነዋል። ያው ፋይል ያው ቦታ ይቀመጣል። በሚቀጥለው ጊዜም «ተሰብሯል» ይላል። መድኃኒቱ ያንን ማውጫ ፍተሻው እንዲዘለው በቅንብር ፋይሉ መንገር ነው፤ አንድ መስመር ነው፣ ግን ካልነገሩት አይሰማም።

ቢሆንም ሽማግሌውን አልጥለውም። እሱ ብቻ የሚያድንበት አንድ ዓይነት ጣጣ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ኮምፓይለሩ ጂሲሲ 5 ሲወጣ የሲ++ መደበኛ ላይብረሪ ጽሑፍን የሚይዝበት አሠራር ተቀየረ። ሶኔሙ ግን ያው «ሊብኤስቲዲሲ++.ኤስኦ.6» ሆኖ ቀረ። ምንም የጠፋ ስም የለም፤ ሌሎቹ መሣሪያዎች ሁሉ «ሰላም ነው» ይሏችኋል። አንዱን ፓኬጅ በአዲሱ፣ ሌላውን በድሮው ኮምፓይለር የሠራ ሰው ግን የተገነቡትን ክፍሎች የሚያገጣጥመው ሊንከር ላይ ተደናቀፈ። ያኔ የጀንቱ ማስታወቂያ የመከረው ሬቭዴፕ-ሪቢልድን የላይብረሪውን ስም ሰጥቶ «ይህንን የሚጠራውን ሁሉ፣ ተሰበረም አልተሰበረም ገንባ» ብሎ ማዘዝ ነበር። የላይብረሪ ስም የሚቀበለው አማራጭ ዛሬም አለ።

የድሮውን ማቆየትና ቀስ ብሎ መገንባት

ፖርቴጅ ሶኔሙ የተቀየረ ላይብረሪ ሲተካ የድሮውን ፋይል ወዲያው አያጠፋም። የሚጠራው ፕሮግራም እስካለ ድረስ ያቆየዋል። ማሻሻያው ሲያልቅ ተርሚናሉ ግርጌ ላይ «የቆዩ ላይብረሪዎች አሉ» የሚል ማስታወሻ ይወጣል፤ ማን እንደሚጠቀምባቸውም ይዘረዝራል። «ፕሪዘርቭድ-ሪቢልድ» የሚባለውን ስብስብ ስታዙት እነሱን ብቻ ይገነባል፤ የመጨረሻው ተጠቃሚ ሲገነባ የድሮው ፋይል ይጠፋል።

እኔ በጣም የምወደው ይህን ነው። ምንም ነገር አይሰበርም። ዛሬ ማታ ሥራ ካለባችሁ ቅዳሜ ትገነባላችሁ። ዝርዝሩም ከሶኔም የመጣ ስለሆነ ትርፍ አያበዛም።

ዋጋ ግን አለው። የተሻሻለው ለደኅንነት ቀዳዳ ከሆነ፣ ቀዳዳው ያለበት የድሮ ፋይል አሁንም ዲስኩ ላይ ነው፤ ያልተገነባው ፕሮግራምም በእሱ እየሠራ ነው። ያኔ ቅዳሜ የለም፣ ዛሬ ነው። ሌላው፣ አንድ ፕሮግራም ሁለቱንም ስሪት አንድ ላይ ሊጭን ይችላል፦ ራሱ የድሮውን፣ የተገነባው ጓደኛው አዲሱን። የፈንክሽኖቹ ስም ከተመሳሰለ አንዱ የሌላውን ጥሪ ይመልስና ፕሮግራሙ ባልታወቀ ምክንያት ይወድቃል። በአይሲዩ ይህ አይደርስባችሁም፤ ለምን እንደሆነ ሲምሊንክ ጋ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

ሰብስሎት፦ ቀድሞ የሚያስጠነቅቀው

እ.ኤ.አ. በ2012 ኢኤፒአይ 5 ከተባለው የጀንቱ ፓኬጅ አጻጻፍ ደንብ ጋር የመጣ ነው። የፓኬጁ አዘጋጅ የላይብረሪውን የተኳሃኝነት ቁጥር በፓኬጁ ላይ ይጽፋል። ጥገኛ ፓኬጆች «እኔ የተገነባሁት በዚህ ቁጥር ነው» ብለው ይመዘገባሉ። ቁጥሩ ሲቀየር ፖርቴጅ ከማሻሻያው ጋር አንድ ላይ እንዲገነቡ ያሰልፋቸዋል። ያ 31 የተባለው ዝርዝር የመጣው ከዚህ ነው። ከፊታቸው ትንሿ «አር» ያለችባቸው እነሱ ናቸው።

ጥሩ ጎኑ ምንም ሳይሰበር በፊት ማወቃችሁ ነው። ደካማ ጎኑ፣ የሚያየው ፋይሉን ሳይሆን የተጻፈውን ወረቀት ነው። አዘጋጁ ቁጥሩን አለአግባብ ከቀየረ፣ ወይም የማይጠራውን ላይብረሪ እንደሚጠራ ከጻፈ፣ ትርፍ ግንባታ ይመጣል። ይህን ምዝገባ ችላ እንዲል የሚያደርግ አማራጭ የፖርቴጅ ትእዛዝ በሆነው ኢመርጅ ውስጥ አለ። ሞክሬዋለሁ። አትሞክሩት። ለዛሬ ይገላግላል፤ ከዚያ መዝገቡና ዲስኩ ይለያያሉ፣ የዞረ ድምሩን ከወር በኋላ ትከፍሉታላችሁ።

ሲምሊንክ ማታለያ

ሲምሊንክ ማለት ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም ስም ነው። «አዲሱን ፋይል በድሮው ስም ጥራው፣ ይሠራል» የሚል ምክር በየቦታው አለ። አንዳንዴ ይሠራል፤ መጥፎነቱም እሱ ነው። አይሲዩ ላይ ግን ወዲያው ይጋለጣል። አይሲዩ በእያንዳንዱ ፈንክሽን ስም ጭራ ላይ የስሪት ቁጥር ይለጥፋል፦ «ዩ_ስትርሌን_74» የነበረው በ75 «ዩ_ስትርሌን_75» ይሆናል። ሲምሊንኩ ፋይሉን ያስከፍታል፣ ፕሮግራሙ ገብቶ ባለ 74ቱን ይፈልጋል፣ የለም፣ ይሞታል። ሁለት ስሪት አብረው ቢጫኑም የማይጋጩት በዚሁ ጭራ የተነሳ ነው። የምስጠራ ላይብረሪው ኦፕንኤስኤስኤልም ከ1.1 ወደ 3 ሲሄድ የስሪት ምልክት ስለሚይዝ «ይህ ስሪት አልተገኘም» ብሎ ይመልሳችኋል። እነዚህ ጨዋዎቹ ናቸው። ምልክት የሌላቸው ላይብረሪዎች ዝም ብለው ይነሱና በተሳሳተ ቦታ ያለ ማኅደረ ትውስታ ያነባሉ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት እንደሚባለው፣ ጫኚውን አታለልኩ ያለ ሰው መጨረሻ ላይ የታለለው ራሱ ነው።

ሌላ ሰው ይገንባው

ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ያላችሁ «ይህ ሁሉ ለምን?» ማለታችሁ አይቀርም። ትክክል ናችሁ። እዚያ የሶኔሙ ቁጥር የፓኬጁ ስም ውስጥ ይገባል። ዴቢያን 11 ላይ ኦፕንኤስኤስኤልን የያዘ ሊብኤስኤስኤል1.1 የሚባል ፓኬጅ ነበር፤ ዴቢያን 12 ላይ ሊብኤስኤስኤል3 ሆነ። ስማቸው ስለሚለያይ ጎን ለጎን መቀመጥ ይችላሉ። ጥገኞቹን የሚገነባው የዴቢያን ማሽን ነው። በአንድ ፓኬጅ ስሪት መጨረሻ ላይ «+ቢ1» የምትል ጭራ ካያችሁ፣ ኮዱ ሳይነካ እንደዚህ ባለ ምክንያት እንደገና የተገነባ ነው ማለት ነው።

ግን ራሳችሁ ኮምፓይል አድርጋችሁ በዩኤስአር-ሎካል ያስቀመጣችሁት ፕሮግራም ካለ፣ ለእሱ ማንም አይደርስለትም። የዴቢያን ፓኬጅ አስተዳዳሪ አፕት አያውቀውም። ከ11 ወደ 12 ካሻገራችሁ በኋላ፣ የድሮው ሊብኤስኤስኤል1.1 በጽዳት ትእዛዝ የጠፋ ዕለት ይወድቃል። ከጽዳቱ በፊት እዚያ ማውጫ ውስጥ ያለውን ሁሉ በሪድኤልፍ ፈትሹ፤ የድሮውን ሶኔም የሚጠራውን ብቻ ገንቡ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ጀንቱም ቢሆን እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 29 ቀን 2023 ጀምሮ የተገነቡ ፓኬጆችን በስፋት ያቀርባል። የሊብረኦፊስን ዓይነት ግዙፍ ከዚያ መውሰድ ነውር የለውም። ዩዝ ፍላጎቻችሁ (አንድ ፓኬጅ በምን በምን አማራጭ እንዲገነባ የምትመርጡባቸው) ከእነሱ ጋር መግጠም አለባቸው፤ ካልገጠሙ ፖርቴጅ ወደ ኮምፓይል ይመለሳል። ስለዚህ ለትልልቆቹ ፓኬጆች ፍላግ መነካካት አትውደዱ።

ኒክስና ጊክስ የሚባሉት ፓኬጅ አስተዳዳሪዎች ሌላ ዓለም ናቸው፤ ባጭሩ ልለፋቸው። ኒክስ ላይ ከታች ያለ አንድ ነገር ሲነካ ከላይ ያለው ሁሉ አዲስ አድራሻ ስለሚያገኝ፣ ሶኔሙ ባይቀየርም ሁሉም ይገነባል። ለዚህም ነው ትልልቅ ለውጦችን ለይተው በአንድ ቅርንጫፍ አጠራቅመው አንዴ የሚገነቡት። ጊክስ ለአስቸኳይ የደኅንነት ጥገና «ግራፍት» የሚባል ዘዴ አለው፦ ሳይገነባ፣ በተገነባው ፋይል ውስጥ የድሮውን አድራሻ በአዲሱ ይተካል። ብልህ ነገር ነው፤ ሁለቱ ስሪቶች ግን ተኳሃኝ መሆን አለባቸው።

መገንባት ሳይሆን እንደገና ማስነሳት ሲያስፈልግ

ይህን በተለይ ሰርቨር ለያዘ ሰው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ሃርትብሊድ የተባለው የኦፕንኤስኤስኤል የደኅንነት ቀዳዳ ሲገለጥ መድኃኒቱ ኦፕንኤስኤስኤል 1.0.1ጂ ነበር። ሶኔሙ አልተቀየረም። አንድም ፕሮግራም መገንባት አላስፈለገም። ግን አፕግሬድ አድርጎ «ጨረስኩ» ብሎ የሄደ ሰው አልዳነም፤ ሲሠራ የቆየው ዌብ ሰርቨር የድሮውን ፋይል በማኅደረ ትውስታው ይዞ ቀጥሏል። ፋይሉ ከዲስክ ቢጠፋም ሂደቱ እስካልተዘጋ ድረስ ይኖራል። ከፕሮክ ማውጫ የሂደቱን «ማፕስ» ፋይል ብታነቡ ከላይብረሪው ስም ጎን «ዲሊትድ» የሚል ታገኛላችሁ። ዴቢያን ላይ ኒድሪስታርት፣ ጀንቱ ላይ ሊብ-ዩዘርስ ይህንን ለቅመው ይነግሯችኋል።

ተቃራኒውም አለ። ላይብረሪውን ውስጡ ያጣበቀ ፕሮግራም በማስነሳት አይድንም። ጎና ረስት የተባሉት የፕሮግራም ቋንቋዎች የየራሳቸውን ፓኬጆች በአብዛኛው እንዲህ ነው የሚይዙት። እንደ አይገን ያሉ ሄደር ብቻ የሆኑ የሲ++ ላይብረሪዎችም ኮዳቸው የሚገባው በኮምፓይል ጊዜ ነው። ሪድኤልፍ ስማቸውን አያሳይም። ስህተቱ እዚያ ከነበረ ተጠቃሚውን ሁሉ መገንባት ግድ ነው፤ የትኛው መሣሪያ ምንም ቢላችሁ።

እኔ ብሆን

ጀንቱ ላይ ሰብስሎትና የድሮውን ማቆየት አብረው ይሥሩ፣ አትነካኳቸው። ሬቭዴፕ-ሪቢልድን ማስመሰያ አማራጩን (ሳይገነባ ዝርዝሩን ብቻ የሚያሳየውን) ሰጥታችሁ ብቻ፣ በወር አንዴ፣ እንደ ጤና ምርመራ አስኬዱት። ሰርቨር ከሆነና ኮምፓይል ማድረግ ሥራችሁ ካልሆነ ዴቢያን ጫኑና ማስነሳቱ ላይ አተኩሩ። ማሽናችሁ ደካማ፣ መብራታችሁም የማይታመን ከሆነ ግዙፎቹን ተገንብተው ውሰዱ። ኢመርጅ የተቋረጠ ዝርዝርን የሚቀጥልበት «ሪዚዩም» አማራጭ እንዳለውም አትርሱ፤ ግማሽ የደረሰውን ፓኬጅ ግን ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ነው የሚጀምረው።

ኮምፓይል የተደረገውን ለሌላ ጊዜ የሚያስቀምጠው ሲካሽም ይረዳል። ላይብረሪ ስለተቀየረ የሚገነባ ፕሮግራም አብዛኛው የምንጭ ፋይሉ የዚያን ላይብረሪ ሄደር አይነካም። ያልነካው ከካሽ ይወጣል። ኮምፓይለሩ ራሱ ከተቀየረ ግን ካሹ ዋጋ የለውም። ደግሞም ካሹ ከመጀመሪያው ግንባታ ጀምሮ በርቶ መቆየት አለበት። ዛሬ አብርታችሁ ዛሬ አትጠቀሙም።

አሁን ያ 31። የሚገባው ዝርዝር ያጥራል ብዬ ዩዝ ፍላጎቼን አየሁ። ሊብኤክስኤምኤል2 አይሲዩን የሚጠራው ፍላጉ ከበራ ብቻ ነው። እኔ ያበራሁት ከዓመታት በፊት ለማላስታውሰው ነገር ነበር። እንደ ኪውት ዌብኢንጂን ያሉ ፓኬጆች ግን የሲስተሙን አይሲዩ እንዲጠቀሙ ከተደረጉ ይህን ፍላግ ሊፈልጉት ይችላሉ። ዌብኢንጂንንም የራሱን አይሲዩ እንዲይዝ አደረግኩት፤ የሊብኤክስኤምኤል2ን ፍላግ አጠፋሁ። ከአሁን በኋላ የደኅንነት ጥገናው ከዌብኢንጂን ጋር እንጂ ከአይሲዩ ጋር አይመጣልኝም፤ ይህን አውቄ ገባሁበት። ሌሎች ሦስት አራት ፓኬጆች ላይም እንዲሁ።

76 ሲመጣ ዝርዝሩ 14 ነበር። ሊብረኦፊስን ተገንብቶ ወሰድኩት። እሑድ ከሰዓት፣ ቤት ቡና ሲፈላ፣ አቦል ላይ አስጀመርኩት። በረካ ሳይቀዳ ፋኑ ዝም አለ።